«ተዉት፣ ይተኛ» ከማለታችን በፊት

«ተዉት፣ ይተኛ» የሚል ሰው ክፋት የለበትም። የደከመ ሰው እንዳይረበሽ አስቦ ነው፤ መብራቱን አጥፍቶ በሩን ገርበብ የሚያደርገውም በደግነት ነው። ይህ ቃል ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ሕመም የሚያደነዝዝ ነገር፣ ከመጠን በላይ በወሰደ ሰው ላይ ሲነገር ግን ነፍስ ያስከፍላል። ሌላው ድንገተኛ አደጋ ራሱን ይናገራል፤ ደም ይፈሳል፣ ሰው ይንፈራገጣል፣ ደረቱን ይዞ ያቃስታል፣ ቤተሰብ ይጯጯኻል። ይህኛው ድምፅ የለውም። ሰውየው ይተኛል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ማንኮራፋቱም ይቀራል። አጠገቡ የነበረው ሰው «ደህና እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለተራው ሰው የመጀመሪያ ዕርዳታ አሰጣጥ ከሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ከማስተምረው ሁሉ ግን እንደዚህ ልቤን የሚይዘው የለም። ሥልጠናው አልቆ ሰው ሲበተንና ወንበር ሲሰበሰብ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ እናት ናት፣ አንዳንዴ ወንድም፣ አንዳንዴ የትምህርት ቤት ጓደኛ። የሟቹ ዕድሜም ሆነ የሞተበት ሁኔታ ይለያያል፤ መሐሉ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣል፦ «ሲያንኮራፋ ሰምቼው ነበር።» እኔም የምመልሰው አንድ ነው፤ ማንም ያላስተማራችሁን ነገር ልታውቁ አትችሉም ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ማንኮራፋት ሲሰማ ምን እንደሆነ እንዲያውቀው ነው።

ኦፒዮይድ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው መርፌና ሄሮይን ነው። የመድኃኒቱ ቤተሰብ ግን ሰፊ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡት ሞርፊንና ፔቲዲን፣ ለሕመምና ለሳል የሚታዘዘው ኮዴይን፣ በብዙ አገሮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ትራማዶል፣ ብርቱ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶን፣ ለሱስ ሕክምና የሚሰጠው ሜታዶን ራሱ ሁሉም የአንድ ዘር ናቸው። የሚለያዩት በጉልበት ነው። ፌንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበረታል፤ ስለዚህ በድብቅ በሚሸጥ ዱቄት ወይም ተመሳስሎ በተሠራ ኪኒን ውስጥ ሲገባ፣ የሚወስደው ሰው ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 125,000 ያህል ሰዎች ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ በመውሰድ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሌላ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ እንደሞተ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሞቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ የገባው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለመያዝ አይቸገርም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳናስበው፣ ተኝተንም ጭምር የምንተነፍሰው የአንጎላችን ግንድ ስለሚያዝልን ነው። ይህ የአንጎል ክፍል በዋናነት የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ብትቆዩ ደረታችሁ ውስጥ የሚነሳው ጭንቀት፣ ያ «ልፈነዳ ነው» የሚያሰኘው ግፊት የእሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ኦፒዮይድ ሕመምን የሚያደነዝዘው በነርቭ ሴሎች ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ተጣብቆ ነው፤ እነዚሁ ተቀባዮች ትንፋሽን በሚያዘው ክፍልም አሉ። መጠኑ ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከማቸ ማስጠንቀቂያው ግን አይደወልም። ሰውየው አየር እያጠረው አይታገልም፣ አይነሳም፣ መስኮት አይከፍትም። ትንፋሹ ይቀንሳል፣ ይራራቃል፣ ይቆማል። ልቡ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላም ጥቂት ትመታለች፤ የምትቆመው ኦክስጅን ሲያልቅባት ነው።

ተስፋ ያለው በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ትንፋሽ ስለሆነ መጀመሪያ መመለስ ያለበትም ትንፋሽ ነው። ሰው ግን በተፈጥሮው የተኛ ሰው ሲያይ ሊቀሰቅስ ይሞክራል፤ በጥፊ ይመታል፣ ውሃ ይደፋል፣ ደግፎ ሊያስኬድ ይታገላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ዓላማችሁ ማንቃት አይሁን፣ ማስተንፈስ ይሁን። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ከተወሰደበት ጊዜ ጀምሮ ትንፋሽ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ በተለይ ኪኒን በዋጠ ሰው ላይ ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ፌንታኒል ይህን ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ሊያሳጥረው ይችላል፤ ቢሆንም በብዙ ሞት ውስጥ አንድ ሰው ሊደርስበት የሚችል ጊዜ ነበረ።

ሐኪሞች 3 ምልክቶችን አንድ ላይ ይፈልጋሉ፦ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ መዳከምና የዓይን ብሌን ጠቦ ነጥብ ማከል። ብሌኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን የሰው ዐይን ገልጦ ለማየት መታገል ጊዜ ይበላል። ኦክስጅን ክፉኛ ያጠረው ወይም ሌላ ነገር ቀላቅሎ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ብሌኑ ሰፍቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ደረቱን ተመልከቱ እላለሁ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ እያለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በአንዱ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል ቀስ ብላችሁ ስትቆጥሩ 5 ካለፈ፣ ወይም ትንፋሹ ደረትን የማያነሳ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ከሆነ፣ ያ እንቅልፍ አይደለም። ማንኮራፋቱም ቢሆን ምላስና ጉሮሮ ላልተው የአየር መንገዱን ሲዘጉ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከባድና እርጥብ ነው፤ አንዳንዴ ጉሮሮ ውስጥ ፈሳሽ እንደሚንቆረቆር ይሰማል፤ በመሐሉም ረጅም ዝምታ አለ። ማንኮራፋት ልማዱ ያልሆነ ሰው ድንገት እንዲህ ካንኮራፋ ሮጣችሁ ግቡ።

ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በየማስተማሪያው ላይ «ከንፈር ሰማያዊ ይሆናል» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ያሳዝነኛል። ይህ የሚታየው በነጣ ቆዳ ላይ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሰማያዊ ቀለም የሚጠብቅ ሰው ሰውየው እስኪሞት ሊጠብቅ ይችላል። ጥቁር ቆዳ አመድማ ይሆናል፣ ወዙ ይጠፋል። የታችኛውን ከንፈር ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ድዱንና የጥፍሩን ሥር እዩ፤ ለውጡ እዚያ ይታያል። ሰውነቱም ዝሎ፣ ክንዱን አንስታችሁ ስትለቁት እንዲሁ ይወድቃል። ቆዳው ቀዝቅዞ ላብ ላብ ይላል።

አጎቴ በካንሰር ታመው የመጨረሻ ወራታቸውን በሞርፊን ሲያሳልፉ ሌሊቱን ተራ ገብተን እንጠብቃቸው ነበር። ሕመም ሲቆጣጠር ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ሞርፊኑ በትክክል ከተስተካከለላቸው በኋላ ግን ቁጭ ብለው ያወሩን፣ ይመርቁን ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታመመ ሰውን ማስታገሻ የሚከለክል ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ። ታዲያ በዚያን ጊዜ አንዲት ነርስ እጄን ይዛ መዳፌን ደረታቸው ላይ አስቀመጠችና «በዐይንህ አትመን፤ ብርድ ልብስ ያታልላል። በእጅህ ቁጠር» አለችኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። መዳፌ ሥር ደረታቸው ሲነሳ፣ ሲቆይ፣ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ቀጥላም «በስማቸው ጥራቸው፤ ዐይናቸውን ገልጠው ካዩህ ወይም ካጉረመረሙ ይተኙ። ካልመለሱልህ አንድ ደቂቃ ሳትቆይ ጥራኝ» አለች። በእንቅልፍና በአደጋ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

እንግዲህ ስትጠራጠሩ በስሙ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ ትከሻውን ነቅንቁት። ካልመለሰ ቡጢ ጨብጣችሁ የደረቱን መሐል አጥንት በጣቶቻችሁ አንጓ አጥብቃችሁ እሹት። በጣም ያማል፤ ተኝቶ ያለ ሰው ቢያንስ እጃችሁን ይገፋል። ምንም ካላለ ክርክሩ አብቅቷል፤ አምቡላንስ ይጠራ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ አጠገባችሁ አኑሩትና እጃችሁን ነጻ አድርጉ። ስለ መድኃኒቱ መናገር የሚያስፈራችሁ ቢሆን እንኳ «ራሱን ስቷል፣ አይተነፍስም» በሉ፤ ሰውን በፍጥነት ለማስመጣት ይህ ይበቃል። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ በአጠገባችሁ ካለ ወዲያው ይሰጥ፤ ስለ እሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ከዚያ በጀርባው አስተኙት። አፉ ውስጥ የሚታይ ኪኒን ወይም ትውከት ካለ አውጡ። አንድ እጃችሁን ግንባሩ ላይ፣ የሌላኛውን ጣቶች አገጩ ሥር አድርጋችሁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉት። አንዳንዴ በዚህ ብቻ የወደቀው ምላስ ከመንገዱ ይነሳና ሰውየው ራሱ አየር ይስባል። ካልሳበ አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ፣ አፋችሁን በአፉ ላይ አጥብቃችሁ ገጥማችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ ስጡት። ማየት ያለባችሁ ደረቱ ሲነሳ ነው። ትንፋሽ ለመስጠት የተሠራ የፊት መሸፈኛ ካላችሁ ተጠቀሙበት።

በአንድ ሥልጠና ላይ አንዲት እናት መለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ጎንበስ ብለው ነፉ፤ ደረቱ አልተነሳም። እንደገና ነፉ፤ አሁንም አልተነሳም። «አቅም የለኝም መሰለኝ ልጄ፤ ለወጣቶቹ ይሁን» ብለው ሊነሱ ሲሉ «አቅም አይደለም እናቴ፤ አገጩን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ» አልኳቸው። አደረጉ። በሚቀጥለው ትንፋሽ የአሻንጉሊቱ ደረት ከፍ ብሎ ወረደ። ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ተመልሰው ጎንበስ አሉ፤ ሌላው ሰው ተራውን እየጠበቀ እሳቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» እያሉ ሲነፉ ቆዩ። ማንም አላስቆማቸውም። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ቢሆን ኖሮ እሳቸው አይችሉትም ነበር፤ የሚጠይቀው የአገጭን አቀማመጥና ትዕግሥትን ነው።

ብዙ ሰው «ደረት መጫን ብቻ ይበቃል ተብለን የለም ወይ?» ይለኛል። ያ ምክር በዋናነት የሚሠራው ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው ነው፤ እሱ ሲወድቅ ደሙ ውስጥ ገና ኦክስጅን አለ። ኦፒዮይድ የጣለው ሰው ግን ኦክስጅኑ አስቀድሞ አልቋል፤ የተራቆተ ደም ማዞር ብቻውን ብዙ አይረዳውም፣ አየር ያስፈልገዋል። ሰውየው ሕይወት ያለው ምልክት ፈጽሞ ካላሳየና ልቡም የቆመ ከመሰላችሁ ደረቱን 30 ጊዜ ጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ ይህንኑ ቀጥሉ፤ በስልክ ላይ ያለውን ባለሙያ ትእዛዝም ተከተሉ። ትንፋሽ መስጠት ፈጽሞ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ደረት መጫን ዝም ብሎ ከማየት ይሻላል።

ናሎክሶን ታሪኩ ልብ ይነካል። ጃክ ፊሽማንና ሞዘስ ሌወንስታይን እ.ኤ.አ. በ1961 ኒው ዮርክ ውስጥ የፈጠሩት መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ለብዙ ዓመታት ግን የሚገኘው በሆስፒታልና በአምቡላንስ ውስጥ ነበር፤ ሰው የሚሞተው ደግሞ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። የፊሽማን የእንጀራ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2003 በሄሮይን ሞተ። መድኃኒቱን ከፈጠሩት አንዱ በሆነው ሰው ቤተሰብ ውስጥ እንኳ መድኃኒቱ በጊዜው አልደረሰም። ናሎክሶን የተሠራ መሆኑ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ አጠገብ ባለው ሰው እጅ መገኘት አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተቀባዩ ላይ ከአብዛኞቹ ኦፒዮይዶች በበለጠ ኃይል ይጣበቃል፤ እነሱን ገፍቶ አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል፤ ራሱ ግን አያደነዝዝም፣ ትንፋሽም አይቀንስም። ሰውየው የወሰደው ነገር ኦፒዮይድ ካልሆነ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ተጠራጥሮ መስጠት ጉዳት የለውም። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው በብዛት 4 ሚሊ ግራም ነው። ጫፉን አንዱ አፍንጫ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ መጫኛውን መግፋት ብቻ ነው። ይሠራ እንደሆነ ለማየት አየር ላይ አትሞክሩት፤ አንዱ ዕቃ አንድ መጠን ብቻ ነው የያዘው። በመርፌ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 0.4 ሚሊ ግራም ሲሆን በጭን ወይም በክንድ ጡንቻ ይወጋል፤ በልብስ ላይም ቢሆን ይቻላል። ከሰጣችሁ በኋላ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ፤ ትንፋሽ መስጠታችሁን ቀጥሉ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ካልተመለሰ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ ስጡ።

ትንፋሹ ተመልሶ፣ ሰውየው ግን ገና ደንዝዞ ቢያንቀላፋስ? ይህ ለብዙዎች ከባድ ይሆናል፤ ዐይኑን ገልጦ ካላዩት አይረኩም፣ ሌላ መጠን ሊጨምሩ ይቸኩላሉ። በደንብ እየተነፈሰ ከሆነ አትጨምሩ። ኦፒዮይድ የለመደ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሁሉም ሲነጠቅ ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስቆጣዋል፤ አንዳንዱ ተነስቶ ይሳደባል፣ ከቤት ሮጦ ይወጣል። ቢሳደብም አትቀየሙት። የት እንዳለ አያውቅም፤ እሱ በሚያውቀው ተኝቶ ነበር፣ ክፉኛ ታምሞ ነው የነቃው። ረጋ ብላችሁ «ትንፋሽህ ቆሞ ነበር፤ መድኃኒት ሰጥተንሃል፤ አብረንህ ነን» በሉት።

ናሎክሶን ካለስ ካለ፣ ከሌለስ? በብዙ አገር ሰው በቀላሉ አያገኘውም፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች «እንግዲያማ ምን ዋጋ አለው» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ፤ ፈጽሞ አትተዉት። ናሎክሶን የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም አየር ሳንባ ውስጥ ማስገባትን፣ እናንተም በአፋችሁ ትሠሩታላችሁ። ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ በየ5 ሰከንዱ የሚሰጥ ትንፋሽ ሰውን በሕይወት ሊያቆይ ይችላል። አድካሚ ነው፤ ሁለት ሰው ከሆናችሁ ተቀያየሩ።

ሰውየው ተነሳ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። የናሎክሶን ኃይል የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ሜታዶን ግን ሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ቀስ ብለው የሚሟሙ ኪኒኖችም እንዲሁ። ማርከሻው ሲያልቅ መርዙ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል፤ የዳነው ሰው እንደገና «ይተኛል»። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ የላይኛውን ጉልበቱን አጥፋችሁ፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ አድርጋችሁ አጠገቡ ቆዩ። ቆዳው ላይ የፌንታኒል ልጥፍ ካለ አንሱለት። ሕመሙን ለማስታገስ እንደገና እንዳይወስድ ለምኑት፤ ማርከሻው ስላለ አሁን ቢወስድ መድኃኒቱ አይሰማውም፣ በኋላ ግን ይደመርበታል። ትራማዶል የወሰደ ሰው ደግሞ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ናሎክሶንም ሁሉንም ችግር አይፈታለትም፤ ስለዚህ ቢነቃም ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከማይጠቅሙት ነገሮች ጋር ብዙ አልቆይም። ቀዝቃዛ ውሃ ገላ ላይ መድፋት፣ ወተት ወይም ጨው ያለው ውሃ ማጠጣት፣ ጣት ከቶ ማስመለስ፣ ደግፎ ማስኬድ፣ ሌላ አነቃቂ ነገር መውጋት፦ ሁሉም ጊዜ ይበላሉ፣ ገሚሶቹም ራሱን የሳተ ሰው እንዲታነቅ ያደርጋሉ። ናሎክሶንም በአፍ ተውጦ አይሠራም ማለት ይቻላል። ፌንታኒል የነካ ሰውን መንካት ይገድላል የሚለው ወሬም እውነት አይደለም፤ በዚህ ፍርሃት ምክንያት ትንፋሽ ያልተሰጠው ሰው እንዳይኖር ደጋግሜ እናገረዋለሁ።

ማን ላይ ነው ዐይናችን መሆን ያለበት? አልኮል ወይም እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ኪኒን ከኦፒዮይድ ጋር የሚቀላቅል ሰው፣ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ከዚህ በፊት ይህ አደጋ አንዴ የደረሰበት። ከሁሉም በላይ ግን አቁሞ የተመለሰ ሰው። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ 30,237 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውነት የለመደውን መጠን በእስር ጊዜ ይረሳል፣ እጅ ግን የድሮውን መጠን ያስታውሳል። ከማገገሚያ የወጣ ሰውም እንደዚያው ነው። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተላቀቀ» ብሎ ትጥቁን የሚፈታበት ሳምንት ከሁሉም አስፈሪው ሳምንት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ብትመለስ እንኳ ብቻህን አትሁን፣ በር አትቆልፍ» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። እኔ እላለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ነው ነገ ሊያቆም የሚችለው።

በሩን የሚያስቆልፈው ሐፍረት ነው። ጓደኞቹ ትተውት እንዲሸሹ የሚያደርጋቸው ደግሞ የፖሊስ ፍርሃት ነው። ይህን የተረዳችው የኒው ሜክሲኮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 ዕርዳታ የጠራን ሰው ከክስ የሚከላከል ሕግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆና አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ናሎክሶንን በተጠቃሚዎቹ እጅ የማድረጉ ሥራም የተጀመረው ከታች ነው፤ የተጠቃሚዎች ተሟጋች የነበረው ዳን ቢግና ባልደረቦቹ ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ገደማ ማንም ሳያዛቸው ማደል ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 አደጋውን ሊያይ የሚችል ማንኛውም ሰው ናሎክሶን ማግኘትና አጠቃቀሙን መማር አለበት ሲል መመሪያ አወጣ። ከዚያም በካዛኪስታን፣ በኪርጊስታን፣ በታጂኪስታንና በዩክሬን ከ14,000 በላይ ተራ ሰዎች ሠለጠኑ፤ አደጋ ከገጠማቸው መካከል 90 በመቶ ያህሉ ናሎክሶኑን ተጠቅመዋል፣ የተረዱትም ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ተርፈዋል። ሐኪሞች አልነበሩም፤ ራሳቸው የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ጓደኞቻቸውና ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

«ማርከሻ አለ ከተባለማ ሰው ይበረታታል» የሚለውን ክርክር ብዙ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። በናሎክሶን የነቃ ሰው ሲንቀጠቀጥና ሲያስመልሰው ያየ፣ ያንን ተማምኖ የሚወስድ ሰው ይኖራል ብሎ አያስብም። ደግሞስ የሚበረታታ ቢኖር እንኳ፣ መልሱ እንዲሞት መተው ነው ወይ? እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ እንደሚል አውቃለሁ። ሥልጠና ላይም ከፍ ይላል።

ሱስ የሌለበት ቤትም ከዚህ ነጻ አይደለም። የሞርፊን ሽሮፕ ልጅ በማይደርስበት ተቆልፎ ይቀመጥ። ከቆዳ ላይ የተነሳ የፌንታኒል ልጥፍ ውስጥ ሕፃን የሚገድል መጠን ሊቀር ይችላል፤ የሚጣበቀው ጎን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ፋርማሲስት እንደሚነግራችሁ ይወገድ። ልጥፉ ላይ የሙቀት ጠርሙስ ወይም የሚሞቅ ነገር አታድርጉ፤ መድኃኒቱ ቶሎ ይገባል። ኮዴይን ደግሞ ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው፤ ይህን የሚያደርገው ጂን ተጨማሪ ቅጂ ያላቸው ሰዎች በታዘዘላቸው ልክ ወስደው እንኳ ከሚገባው በላይ ሞርፊን ሰውነታቸው ውስጥ ይከማቻል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ለራስ የታዘዘን ማስታገሻ «አሻለኝ፣ ለአንተም ይሁንህ» ብሎ ለሌላ ማካፈልም ይቅር።

አምቡላንሱ ሲደርስ የወሰደውን ነገር ስም፣ የወሰደበትን ሰዓት፣ ትንፋሹ የቆመ የመሰላችሁን ጊዜና የሰጣችሁትን የናሎክሶን ብዛት ንገሯቸው፤ ባዶውን ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ ስጧቸው። ሆስፒታል ውስጥም «በቃ፣ ነቅቷል» ተብሎ ከመሸኘቱ በፊት ለጥቂት ሰዓታት እንዲከታተሉት ጠይቁ። ኦፒዮይድን የለመደ ሰው ከሆነ ስለ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ሕክምና ጠይቁ፤ እነዚህን በአግባቡ የሚወስዱ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው በብዙ ይቀንሳል። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ በትሕትና እለፉት። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አስጽፉ፣ ናሎክሶን የሚገኝበት አገር ከሆነ ደግሞ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለቤት ይዛችሁ ውጡ፤ የት እንደተቀመጠም በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው።